የማይረጋ ስብ

ባሕር አይቼ አላውቅም፤
ጨው ግን እንደ እኔ የመዘነ የለም፤
ለአንድ ሊትር ውሃ ሠላሳ አምስት ግራም፣
ቆንጥሬ ጨምሬ፣ ቆንጥሬ ቀንሼ፣
ደብረ ብርሃን መሐል ባሕር በጥብጬ
አሥራ ሁለት ጠርሙስ እሞላለሁ፣ እጄን በጋውኔ አብሼ።

በውስጡ ያለችው ለዓይን የራቀች ናት፤
አንድ ሴል ብቻ ነች፣ ሥርም ቅጠል የላት።
ስትበዛ ብቻ ነው መልኳ የሚታየው፤
ወርቅማ ቡኒ ነው፣ የጠጅ አተላ ነው።
ዶክተር ጽጌማርያም ከጅቡቲ ዳርቻ
በአውቶቡስ ስታመጣት፣ በኋላ መቀመጫ፣
ጭኗ ላይ አቅፋት፣ በነጠላ ሸፍናት፣
"ልጅሽ ናት?" አሏት አሉ አጠገቧ ያሉ እናት።
"ኧረ እማማ፣" አለች፣ "ቅድመ አያቴ ናት።"

ኅዳር ሲገባማ ከተማው ይታወቃል፤
ሣሩ ሸብቶ ያድራል፣ ቧንቧው አፉን ይዘጋል፤
የእናቴ ቅቤ በቅሉ ደርቆ ማንኪያ ያጣምማል፤
ከመንዝ የመጣው የተልባ ዘይት ግን
እዚያው መደርደሪያ፣ እንደ ሐምሌው ይፈስሳል።
ለምን? ብዬ ብላት፣ ዶክተሯ በመስኮት
የማገዶ ክምር አሳየችኝ፣ ከክበቡ ፊት፦

"እዪው ያን ባሕር ዛፍ፣ ቀጥ ያለ ስለሆነ
ጎን ለጎን ተኝቶ ግድግዳ መሰለ።
ቆልማማውን ወይራ ቢከምሩት ቢከምሩት
መሐሉ ክፍት ነው፤ ታልፍበታለች ድመት።
ስብም እንዲሁ ነው፤ ቀጥ ያለው ይረጋል፤
ወገቡ የታጠፈው ሲበርድም ይላወሳል።
ብርድ የመታት ለታ ይቺ ትንሽ ፍጥረት
ስቧን ታጥፋለች፤ ሌላ ምን ልብስ አላት?"

ባሕር ዛፉን አየሁት። በስሙ ብቻ ባሕረኛ፣
ባሕር ያላየ እንደ እኛ።

ስድስቱን ማሞቂያ ሥር፣ ስድስቱን መስኮት ሥር
አሰለፍናቸው፤ አሥር ቀን ልንቆጥር።
ዘበኛው ሸዋንግዛው የጀማ ሰው ነው፤
ቆላ ተወልዶ ደጋ የሚጠብቅ፣ ብርድ ባላጋራው።
በመጀመሪያው ሌሊት ባትሪውን አብርቶ
አያቸው መስኮት ሥር፣ መስታወቱ ጉም ጠጥቶ።
አንጀቱ አልቻለም።
በባልዲ፣ ቀስ አድርጎ፣ በኮሪደሩ ጨለማ
ወሰዳቸው ጥበቃ ቤት፣ ከሰሉ ወዳለበት፤
የከተማችን ፋብሪካ የሠራውን ብርድ ልብስ
ከትከሻው አውርዶ ደረበላቸው፤
እርሱ ተቀምጦ ነጋ።
እንዲህ አሥር ሌሊት። ጎሕ ሳይቀድ መልሶ፣
በየቦታቸው ደርድሮ፣ ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ።
ባልዲው ግን የሚይዘው አምስት ነው።

በመጨረሻ ሲነግረን ዓይኑ ቀልቶ ነበር፦
"ያቺን አንዷን ባልዲው አልያዘልኝም። ሞታ ከሆነ
የእኔ ኃጢአት ነው።"

ክሎሮፎርም ጨመርን፣ አጠለልን፣ አተነንን፤
ከጥፍር ያነሰች ብርቱካናማ ጠብታ አገኘን።
መጀመሪያ ስቴሮሉ መጣ፤ አራት ቀለበት የተቆላለፈ፣
የስብ ግድግዳዋ ማገር፣ እንዳይላላ የደገፈ፤
አባቴን ሐኪም የከለከለው የኮሌስትሮል ዘመድ ነው፣
(ስሙ በተነሣ ቁጥር አባቴን ክትፎ ውል የሚለው)።
ከዚያ የስቡ መስመር በስክሪኑ ሄደ፤
የአምስቱ ሜዳ ነው፣ እዚህም እዚያም ጉብታ፤
የአሥራ ሁለተኛዋ ግን ተነሣ፣ ተነሣ፣
እንደ ጣርማ በር ገደል በአንድ አፍታ፦
ሃያ ካርቦን፣ አምስት እጥፋት።
ዶክተሯ አልተቆጣችም። መዝገቡ ላይ
"አምስቱ ከሰል ሞቁ" ብላ ጻፈች፣ ቀኑን ጨመረች።

"ያቺ የበረዳትስ?" አለ ሸዋንግዛው።
"ከሁሉም የተሻለች እርሷ ናት" አልኩት።
ዝም አለ። ያልገባው መሰለኝ፤
ወይም ከእኔ በላይ የገባው።

ከአገሩ ሲመለስ ድንጋይ አመጣልኝ፣
የኖራ ድንጋይ፣ ከወንዙ ዳር፣ ቀንድ አውጣ መሳይ ታትሞበት።
"ባሕር ነበር" አለች ዶክተሯ፣ "ጀማ ሳይቆፍር በፊት።
ሥጋዋ ይበሰብሳል፣ ስቧም ያልቃል፤
ማገሯ ግን አንዳንዴ፣ ቀለበቱ ሳይፈታ፣
ድንጋይ ውስጥ ይቆያል።"

ሁለቱም ሲወጡ ላስኩት።
ጨው የለውም። ኖራ ኖራ ይላል።
ከልማዴ የተነሣ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፦
ሦስት መቶ አርባ ግራም፣
ደረቅ።